ዓሣው ለትንሣኤ ይቆየን

በሁዳዴ አርብ በመጣ ቁጥር ልጆቼ «እማዬ፣ ዓሣ ጾም ነው እንዴ?» ይሉኛል። አይፈረድባቸውም። ያለነው ደሴ ነው፤ ሐይቅ ቢርቅ 30 ኪሎ ሜትር ነው፣ ቆሮሶውም አምባዛውም ከዚያ ይመጣል። ምግብ ቤቱም የዓሣ ጉላሹን ከጾም በያይነቱ ጎን ይጽፈዋል። የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ግን በዐቢይ ጾም ዓሣ አይፈቅድም። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያጸኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው በዚያው ውኃ ዳር ነው፤ ዓሣ ከደጅ እያለ መጾም ለአገራችን አዲስ አይደለም።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ለልጅ «አይበላም» ብሎ ማለፍ አይበቃም። እኔ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21ን አነብላቸዋለሁ። ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲደክሙ አድረው ምንም አላጠመዱም። ሲነጋ ጌታ ከዳር ቆሞ መረቡን በስተ ቀኝ ጣሉ አላቸው፤ 153 ታላላቅ ዓሣ ወጣ። ወደ ምድር ሲወጡ ደግሞ ፍም ላይ ዓሣ፣ ከእርሱም ጋር እንጀራ ተሰናድቶ ጠበቃቸው። ይህ የሆነው ከትንሣኤ በኋላ ነው። የእኛም ዓሣ እዚያ ማዶ ይጠብቀናል፤ አርብ የመስቀሉ ቀን ነው።

ዓሣ ትቶ ሌላ ድግስ መደገስ ግን ያው ነው። እኔ ራሴ አንድ አርብ ሱፍ ፍትፍት፣ አዚፋ፣ ስልጆ፣ ቀዩን፣ አልጫውን ደርድሬ ነበር። ሽንኩርት ስከትፍ ቅዳሴው አመለጠኝ።

አሁን የአርብ ማዕዳችን ሽሮ ብቻ ነው። ሽንኩርቱ በራሱ ውኃ ይቁላላል፣ ዘይት ጠብ የሚደረገው መጨረሻ ላይ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት ገብቶ ቱክ ቱክ ሲል ይወርዳል። ከቅዳሴ ስንመለስ 9 ሰዓት አልፏል፤ ጌታችን ነፍሱን የሰጠበት ሰዓት። «አባታችን ሆይ» ደርሶ ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንቆርሳለን።

ለዓሣ ይወጣ የነበረው ብር ኢሳይያስ «እንጀራህን ለተራበ ትቈርስ ዘንድ» ላለው ይሆናል። ትንሹ ልጄ በእጁ ጨብጦ ሄዶ ከመድኃኔዓለም ደጅ ላሉት ነዳያን ይሰጣል። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ በገቡ ጊዜ ምስር ወጥ ሠርተን ለጎረቤታችን እናት ለኢፍጣራቸው ሰደድን። እሳቸውም ትሪውን ባዶ አልመለሱትም። ቴምር ደርድረውበት መጡና «ሾርባውን ተውኩት ልጄ፣ ሥጋ ገብቶበታል፤ ጾማችሁን አይነካባችሁ» አሉኝ።