ቴሌፕሮምፕተር ምንድን ነው? ማንስ ማንን ይከተላል?

ሰሞኑን አንዲት ዜና አቅራቢ በቀጥታ ስርጭት መሃል አንድ ቃል ተሳሳተች። ወዲያው አስተካክላ ቀጠለች። ሁለት ሰከንድ ቢፈጅ ነው። አንድ አስተያየት ሰጪ ግን ይህችን ሁለት ሰከንድ ይዞ "ፕሮምፕተሩ ፈጠነባት፤ እሱን ቢያነሱባት እኮ ስሟንም አትናገርም" አለ።

እንዲህ ያለውን አባባል ብዙ ጊዜ ሰምቼ አልፌዋለሁ። አሁን ግን በዛ። አቅራቢዎችን ለማጣጣል ሲፈለግ "ቴሌፕሮምፕተር" የሚለው ቃል ራሱ እንደ ስድብ ሲወረወር እሰማለሁ፤ "ማንበብ ብቻ ነው"፣ "ሌላ ሰው የጻፈላትን ነው" ይባላል። ቴሌፕሮምፕተር፣ ባጭሩ ፕሮምፕተር፣ አቅራቢዋ ካሜራውን እያየች የምታነበውን ጽሑፍ ከሌንሱ ፊት የሚያሳያት መሣሪያ ነው። እኔ ያንን መሣሪያ ለዓመታት በእጄ ያንቀሳቀስኩ ሰው ነኝ። ኋላም ዳይሬክተር ሆኜ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ አይቼዋለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልናገር።

"ፈጠነባት" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ችግሩ ያለው እሷ ላይ ነው።

ቴሌፕሮምፕተር የራሱ ፍጥነት የለውም። ፊልም ሲያልቅ እንደሚወጣው የስም ዝርዝር ዝም ብሎ የሚንቆረቆር ጽሑፍ አድርገው የሚያስቡት ሰዎች አሉ፤ አቅራቢዋ ከኋላው እየሮጠች የምታነብ ይመስላቸዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጽሑፉን የሚያንቀሳቅስ ሰው አለ። እጁ መቆጣጠሪያው ላይ ነው፣ ጆሮው አቅራቢዋ ላይ። ስትፈጥን ያፈጥነዋል። ስትረጋጋ ያረጋጋዋል። ስታስል ያቆመዋል። ከጽሑፉ ወጥታ የራሷን ብትናገር እዚያው ባለበት ይዞ ይጠብቃታል። ረዳት በሌለበት ስቱዲዮ ራሷ በእግር መርገጫ ወይም በእጇ በያዘችው ትንሽ መቆጣጠሪያ ታንቀሳቅሰዋለች። ዛሬ ዛሬ ድምፅ እየሰማ የሚሄድ ሶፍትዌርም አለ። በሦስቱም መንገድ መሪዋ እሷ ናት፣ ተከታዩ ጽሑፉ ነው።

ስለ አሠራሩ ብዙ አልልም። ከሌንሱ ፊት 45 ዲግሪ ያዘነበለ መስታወት አለ። ከሥሩ ስክሪን አለ። ስክሪኑ ላይ ጽሑፉ ተገልብጦ ይታያል፣ መስታወቱ ሲያንጸባርቀው ይቃናል፣ ካሜራው ደግሞ በመስታወቱ ውስጥ አሻግሮ እሷን ብቻ ያያል። በቃ። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፤ ያ መስታወት ወደ ካሜራው ከሚገባው ብርሃን የተወሰነውን ይወስዳል። በብዛት የሚሠራበት ዓይነት 70 በመቶውን አሳልፎ 30 በመቶውን ያንጸባርቃል። ስለዚህ ፕሮምፕተር ያለውን ካሜራና የሌለውን አብራችሁ ስታሠሩ የብርሃኑን ልክ አስተካክሉ፣ አለበለዚያ በአንዱ ካሜራ ፊቷ ጠቆር፣ በሌላው ፈካ ይላል። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት እዚህ ጋ ነው።

ታሪኩም ለክርክሩ ይጠቅመናል። መሣሪያው መጀመሪያ ለዜና አልተሠራም፤ ለተዋንያን ነው። በአሜሪካ ቴሌቪዥን ገና ሲስፋፋ ተዋናዩ በየቀኑ አዲስ ቃለ ተውኔት ማጥናት ነበረበት። ፍሬድ ባርተን የተባለ ተዋናይ አንድ መላ ይፈለግ አለ። የፊልም ኩባንያ ኃላፊ የነበረው ኧርቪንግ ካን ሐሳቡን ይዞ ሄደ፣ ሁበርት ሽላፍሊ የተባለው መሐንዲስ ሠራው። እ.ኤ.አ. በ1950 መጨረሻ በተከታታይ ድራማ ቀረጻ ላይ ዋለ። ያኔ መስታወት የለውም። በሞተር የሚዞር የወረቀት ጥቅል ነው፣ ከካሜራው ጎን የሚቀመጥ። እ.ኤ.አ. በ1952 ደግሞ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር ቺካጎ በተደረገው የሪፐብሊካን ፓርቲ ጉባኤ ላይ በዚሁ መሣሪያ ንግግር አደረጉ፤ ፖለቲከኞችም ከዚያ ወዲያ አልለቀቁትም።

"ፕሮምፕተር" የሚለው ቃል ከዚያ በፊትም በቲያትር ቤት ነበረ። ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጦ፣ ቃሉ ለጠፋው ተዋናይ ቀስ ብሎ የሚያስታውስ ሰው ማለት ነው። ያንን አስታዋሽ አይቶ "ተዋናዩ ምንም አልሠራም" ያለ ተመልካች አላጋጠመኝም። ቴሌቪዥን ላይ ሲሆን ለምን ሚዛኑ እንደሚለወጥ አይገባኝም።

እኔ አዳዲስ ልጆችን ሳሠለጥን በፋኖስ ነው የማስረዳው። ሌሊት ነው። አንዲት ሴት መንገድ ትሄዳለች፣ አንድ ሰው አጠገቧ ሆኖ ፋኖስ ይዞላታል። ፋኖሱ አይራመድላትም። ያዡ በጣም ከቀደማት እግሯ ሥር ይጨልማል። ወደ ኋላ ከቀረ የራሷ ጥላ ፊቷ ይወድቅና መንገዱን ይሸፍንባታል። ጎበዝ ያዥ ግማሽ እርምጃ ብቻ ቀድሞ እግሯን እየሰማ ይሄዳል። በእኛ ሥራ ግማሽ እርምጃ ማለት አሁን የምታነበው መስመር ከስክሪኑ ላይኛው ክፍል ሲሆን፣ ቀጥሎ የሚመጡት ሁለት ሦስት መስመሮች ደግሞ ከሥሩ ቁልጭ ብለው ሲታዩ ነው።

ፋኖሱ የሚያዝበት ቦታም አለው። አፍንጫ ሥር ከያዙት ዓይን ያጠፋል። ፕሮምፕተርም በጣም ከቀረበ ዓይኗ ከቃል ወደ ቃል ሲሄድ ተመልካቹ ያየዋል። "ዓይኗ ወዲያ ወዲህ ይላል" ተብላ የምትተች አቅራቢ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ስቱዲዮው ጠቦ ካሜራው ተጠግቷል፣ ወይም አንድ መስመር ላይ ብዙ ቃል ታጭቋል። ካሜራውን ራቅ አድርጎ፣ ፊደሉን አሳድጎ መስመሩን ማሳጠር ነው መፍትሔው። ካሜራው ከዓይኗ ከፍታ በላይ ከተተከለም አገጯ ቀና ይልና ሰው የምትንቅ ትመስላለች፤ ይህንንም ሰው "ኩራተኛ" ብሎ በእሷ ላይ ሲጽፈው አይቻለሁ።

የምሳሌው ዋና ነገር ግን ወዲህ ነው። ፋኖስ የሚያሳየው ሦስት እርምጃ ብቻ ነው። መንገዱ ወዴት እንደሚታጠፍ አያሳይም። መንገዱን አስቀድሞ ያላወቀ ሰው ፋኖስ ተይዞለትም ገደል ይገባል።

በአማርኛ ደግሞ ይህ ይብሳል። ግሳችን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። "ሚኒስትሩ በገዛ ፈቃዳቸው ከሥልጣን ሊለቁ ነው በሚል ከትናንት ጀምሮ ሲነገር የቆየውን ወሬ" ብላ ስትጀምር መጨረሻው "አረጋገጡ" ይሁን "አስተባበሉ" ስክሪኑ ላይ ገና አልወጣም። በአንድ መስመር አራት ቃል፣ ቢበዛ አምስት ነው የሚታየው። ድምጿን ግን ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ ወደዚያ ግስ መምራት አለባት። ዜናውን አስቀድማ ያላነበበች ሰው ይህንን ልታደርግ አትችልም። ወይ ድምጿ ዝርግ ይሆናል፣ ወይ መጨረሻ ላይ ተደናቅፋ ትነቃበታለች።

ሌላም አለ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም። "ቡድኑ ዛሬ ይመታል" የሚል ርዕስ ስክሪኑ ላይ ቢመጣ መቺ ነው ወይስ ተመቺ? ፊደሉ አንድ ነው። ላልቶ ከተነበበ ቡድኑ መቺ ነው፣ ጠብቆ ከተነበበ ተመቺ ነው። ቤት ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው ቆም ብሎ ወደ ላይ ተመልሶ ያጣራል። እሷ መመለስ አትችልም። መልሱን ይዛ ነው የምትገባው። ለዚህ ነው ጥሩ አቅራቢዎች ከስርጭቱ በፊት ጽሑፉን ጮክ ብለው የሚያነቡት፣ ለአፍ የሚከብደውን የሚያፈርሱት፣ ረጅሙን ዐረፍተ ነገር ለሁለት የሚቆርጡት። (ጽሑፉን የምታዘጋጁ ልጆችም እባካችሁ ትልልቅ ቁጥሮችን በፊደል ጻፉላቸው። "1,250,000" ስክሪን ላይ ሲመጣ ዓይን ዜሮ መቁጠር ይጀምራል። "አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ" ብላችሁ ስጧቸው።)

ይህ ሁሉ ሲሆን ጆሮዋ ባዶ እንዳይመስላችሁ። ትንሽ ማዳመጫ አለባት። በዚያ ውስጥ እኔ ወይም ፕሮዲዩሰሩ እናወራታለን። "ሦስተኛው ዜና ቀርቷል።" "ከዚህ በኋላ ካሜራ ሁለት።" "ሪፖርተሩ መስመር ላይ ገብቷል፣ አሥር ሰከንድ፣ ዘጠኝ፣ ስምንት።" ይህንን እየሰማች፣ አንዲት ፊደል ሳታጎድል ሌላ ነገር እያነበበች ነው። "ማንበብ ብቻ ነው" የሚል ሰው አንድ ነገር ይሞክር። የሆነ ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ደግሞ በጆሮው የስልክ ቁጥር ይንገረው። ሲጨርስ ቁጥሩን ይድገም።

አሁን ወደ "ቢያነሱባት" እንምጣ። ፋኖሱ ሲጠፋ ምን ይሆናል?

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን እ.ኤ.አ. መስከረም 22 ቀን 1993 ስለ ጤና አገልግሎት ማሻሻያ ለኮንግረሱ ንግግር ሊያደርጉ ቆሙ። ፕሮምፕተሩ ላይ የተጫነው ግን ሌላ፣ የቆየ ንግግር ነበር። ትክክለኛው እስኪተካ ሰባት ደቂቃ ያህል በእጃቸው ካለው ወረቀትና ከጭንቅላታቸው ተናገሩ። አብዛኛው ተመልካች አላወቀም። መንገዱን ያውቁት ስለነበር ነው።

በዜናው ዓለም ደግሞ ህዳር 22 ቀን 1963 እ.ኤ.አ. አለ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዳላስ ላይ በጥይት ሲመቱ ሲቢኤስ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን የሞቀ ካሜራ አልነበረውም። የዚያን ጊዜ ካሜራ እስኪሞቅ ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። የጣቢያው ዜና አቅራቢ ዋልተር ክሮንካይት መጀመሪያ በድምፅ ብቻ ነው የገባው። ኋላ ካሜራው ሲደርስ ከዜና ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚቀበለውን ወረቀት እያየ ነበር የፕሬዚዳንቱን ሞት የተናገረው። መነጽሩን አወለቀ፣ ሰዓቱን አየ፣ ድምፁ ለአፍታ ተያዘና ቀጠለ። ሰበር ዜና ሲመጣ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው። ጽሑፉ ገና አልተጻፈም፤ ስክሪኑ ባዶ ነው፤ ያላት ነገር የምታውቀውና በጆሮዋ የሚነገራት ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ወረቀትም ለጌጥ የተቀመጠ አይምሰላችሁ። መሣሪያው ሲበላሽ የምትዞረው ወደ እሱ ነው።

ለአስተያየት ሰጪው አንድ ነገር አምንለታለሁ። ስክሪኑ ላይ የመጣውን ሁሉ ሳያመዛዝኑ ማንበብ አለ፣ ጉዳትም ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አውሮፕላን ከተከሰከሰ በኋላ፣ አንድ የአካባቢው ጣቢያ የአብራሪዎቹ ስም ነው ብሎ በእስያውያን የሚያላግጡ የፈጠራ ስሞችን በቀጥታ ስርጭት አስተላለፈ። ስሞቹ ጮክ ተብለው ቢነበቡ ኖሮ ወዲያው ይነቃባቸው ነበር። ግን ያ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ እስኪደርስ ስንት ሰው እጅ አልፏል? የጻፈው፣ ያረመው፣ ያሳለፈው አለ። ጥፋቱን መስታወቱና መጨረሻ ላይ የቆመችው ሴት ላይ ብቻ መጣል ልክ አይመስለኝም።

"ሌላ ሰው የጻፈላትን ነው" የሚለውም እንደየቤቱ ይለያያል። እንግሊዞች "ዜና አንባቢ" ይላሉ፣ አሜሪካኖች "አንከር"፣ መልህቅ እንደማለት። ቃላቱ የተለያየ የሥራ ድርሻ ይዘው ነው የመጡት። ክሮንካይት ለምሳሌ የሚያቀርበው ዜና ማኔጂንግ ኤዲተርም ነበር፤ ምን ይግባ ምን ይቅር የሚለው ላይ ድምፅ ነበረው። ሌላ ቤት ደግሞ አቅራቢዋ ዜናው ተጠናቅቆ ነው የሚደርሳት። ሁለቱም ግን እዚያው መስታወት ፊት ነው የሚቀመጡት። መስታወቱን አይቶ ማን ምን እንደጻፈ ማወቅ አይቻልም።

ያቺን ሁለት ሰከንድ እኔም ደጋግሜ አየኋት። ቃሉን ተሳሳተች፣ ትንፋሽ ወሰደች፣ አስተካከለች፣ ቀጥሎ ያለውን ዐረፍተ ነገር በዚያው በራሷ እርጋታ ጀመረች። ጽሑፉ ጥሏት ሄዶ ቢሆን ለመድረስ ትሮጥ ነበር፣ ድምጿም ያስታውቅ ነበር። አልሮጠችም። ከካሜራው ጀርባ አንድ ሰው እጁን ገትቶ እየጠበቃት ነበር።