የፈረቃ ግጦሽ ምንድን ነው?

የፈረቃ ግጦሽ ማለት የግጦሽ መሬትን ከፋፍሎ፣ መንጋውን በአንድ ጊዜ በአንዱ ክፍል ብቻ ለጥቂት ቀናት አሰማርቶ ማውጣት፣ ከዚያም ሣሩ እስኪያገግም ድረስ ወደዚያ ክፍል አለመመለስ ነው። ስለዚህ አሠራር ሲወራ ብዙውን ጊዜ ወሬው ስለ አጥር ይሆናል፤ ስንት ክፍል፣ ምን ዓይነት ሽቦ፣ ስንት ቋሚ። ዋናው ነገር ግን ዕረፍቱ ነው፤ የአጥሩ ሥራ ያንን ዕረፍት ማስከበር ነው። መሬቱን ሃያ ቦታ ከፍሎ ሣሩ ሳያገግም መንጋውን የሚመልስ አርቢ፣ ጨርሶ ካልከፈለው ሰው እምብዛም የተሻለ ውጤት አያገኝም።

ዕረፍት ለምን እንደሚያስፈልግ የሚገባው ከብት እንዴት እንደሚግጥ ሲታይ ነው። ከብት ማሳውን ሁሉ እኩል አይግጥም። ዛሬ የተጋጠው ሣር በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ ለጋ ቅጠል ያወጣል፤ ለጋው ካረጀው ይልቅ ይጣፍጣል፣ ፕሮቲኑም ይበልጣል። ስለዚህ መንጋው እዚያው ከዋለ ወደዚያው ለጋ ይመለሳል፣ ደግሞም ይመለሳል። ያልተነካው ሣር በበኩሉ አገዳው ይጠነክራል፣ ዘር ይይዛል፣ ከብቱም ይተወዋል። ከብት ባልበዛበት ማሳ ላይ እንኳ ተላጭቶ የቀረና አርጅቶ የቆመ ሣር ጎን ለጎን የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ከልክ ያለፈ ግጦሽ የሚደርሰው በእያንዳንዱ የሣር እግር ላይ ነው፤ የሚያደርሰውም ያው ሣር ሳያገግም ዳግመኛ መበላቱ ነው። ለዚህም ነው የከብቱን ቁጥር መቀነስ ብቻውን የተጎዳ ማሳን የማያድነው። የቀሩት ጥቂት ከብቶችም የሚጣፍጠውን መርጠው ይበላሉ፤ እሱ እየሳሳ ሲሄድ ቦታውን የማይበላው አረም ይይዘዋል።

ሣሩ ውስጥ የሚሆነውን እንይ። ሣር ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነው። ከዕድገቱ የተረፈውን ስኳር ከአገዳው ግርጌ፣ ከመሬት በላይ ባሉት ጥቂት ሴንቲሜትሮች ያከማቻል። ቅጠሉ ሲጋጥ የመጀመሪያውን አዲስ ቅጠል የሚያወጣው ከዚህ ጎተራ ወስዶ ነው። አዲሶቹ ቅጠሎች በቂ ምግብ መሥራት ጀምረው ጎተራው እስኪሞላ ጊዜ ይፈልጋል። ገና አንድ ቅጠል እንዳወጣ እንደገና ከተጋጠ ካለቀ ክምችት ላይ ያወጣል፤ ይህ ሲደጋገም ሣሩ ይቀጭጫል፣ በመጨረሻም ይሞታል።

ጉዳቱ ከመሬት በታችም አለ፤ እንዲያውም ቶሎ የማይታየው እሱ ነው። ፍራንክሊን ክራይደር የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1955 እ.ኤ.አ. ያወጡት የሙከራ ውጤት እስካሁን መመሪያ ሆኖ ያገለግላል። ከቅጠሉ ግማሽ ያህሉ ሲቆረጥ የሥሩ ዕድገት እምብዛም አይስተጓጎልም። 80 በመቶው ሲቆረጥ ግን ሥሩ ለ12 ቀን ያህል፣ 90 በመቶው ሲቆረጥ ደግሞ ለ17 ቀን ያህል ዕድገቱን ፈጽሞ ያቆማል። ከግማሽ ወደ 80 በመቶ መሻገር ለከብቱ የአንድ ቀን ትርፍ መኖ ቢመስልም ሣሩን የሁለት ሳምንት ገደማ የሥር ዕድገት ያስከፍለዋል። ሥሩ ያጠረ ሣር ዝናብ ሲዘገይ ቀድሞ ይደርቃል፣ ዝናብ ሲመጣም ዘግይቶ ይነሣል። «ግማሹን ብላ፣ ግማሹን ተው» የሚለው ምክር መሠረቱ ይህ ነው።

እንግዲህ ሣሩ አገገመ የሚባለው መቼ ነው? መልሱ ያለው ሣሩ ላይ ነው፤ የቀን መቁጠሪያ የሚሰጠው ግምት ብቻ ነው። ራይግራስ የተባለው የመኖ ሣር አንድ ቀንበጡ በአንድ ጊዜ በሕይወት የሚያቆየው ሦስት ቅጠል ነው፤ አራተኛው ብቅ ሲል የመጀመሪያው መሞት ይጀምራል። ስለዚህ መንጋው መመለስ ያለበት ከተጋጠ በኋላ ሁለት ተኩል እስከ ሦስት አዲስ ቅጠል ሲኖረው ነው። ከሁለት ቅጠል በፊት ጎተራው አልሞላም፤ ከሦስት በኋላ ደግሞ የሚጨመረው እየሞተ ባለው ይካካሳል፣ መኖውም ይጠነክራል። ኪኩዩ ሣር ትንሽ ይዘገያል፤ አራት ተኩል ቅጠል ያህል ይጠበቅለታል። አልፋልፋ ክምችቱን የሚያኖረው በሥሩና በሥሩ ራስ ስለሆነ ከአሥሩ ተክል አንዱ ማበብ ሲጀምር ማስገባት ነው። ቅጠል መቁጠር ለማያመቻቸው የሐሩር አካባቢ ሣሮች ቁመት ይለካል። ማራንዱ የሚባለው የብራኪያሪያ ዝርያ ከ25 እስከ 30 ሳ.ሜ. ሲደርስ ይገባበታል፣ 15 ሳ.ሜ. ሲቀረው ይወጣል። ረጅሙ የጊኒ ሣር ዝርያ ሞምባሳ 90 ሳ.ሜ. ሲደርስ ይገባበታል፣ ግማሽ ያህሉ ሲቀር ይወጣል። ራይግራስ ላይ የሚቀረው 5 ሳ.ሜ. አካባቢ ነው። ጠዋት አንድ ክፍል ውስጥ ገብቶ በየቦታው አሥር ቀንበጥ መርምሮ ቅጠላቸውን መቁጠር ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ሥራ ነው፤ ከየትኛውም መሣሪያ የበለጠ ይናገራል።

መንጋው በአንድ ክፍል ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ደግሞ የተጋጠው ሣር አዲስ ለጋ ቅጠል ለማውጣት ከሚወስድበት ጊዜ መብለጥ የለበትም። ዕድገት ፈጣን ሲሆን ይህ ሦስት ቀን ነው፣ ቢበዛ አራት። ለወተት ላሞች አንድ ቀን ወይም ግማሽ ቀን ይመረጣል፤ በየቀኑ አዲስ መኖ የምታገኝ ላም ወተቷ አንድ ቀን ከፍ፣ አንድ ቀን ዝቅ አይልም።

የክፍሎቹ ብዛት ከነዚህ ሁለት ቁጥሮች ይወጣል፤ የዕረፍቱን ቀን ለቆይታው ቀን አካፍሎ አንድ መጨመር ነው። 30 ቀን ዕረፍት ለ3 ቀን ቆይታ ሲካፈል 10፤ አንድ ሲጨመር 11 ክፍል። የተጨመረው አንድ መንጋው ያለበት ነው።

ስፋቱን ለማስላት መጀመሪያ በማሳው ላይ ያለውን መኖ መለካት ያስፈልጋል። በየጎኑ 50 ሳ.ሜ. የሆነ አራት ማዕዘን ከሽቦ ይሠራል፤ ማሳውን ይወክላሉ በሚባሉ አምስት ስድስት ቦታዎች ይጣልና በውስጡ ያለው ሣር መንጋው ሊተወው ከሚገባው ቁመት በላይ ይታጨዳል። ምርጥ ምርጡን ቦታ ብቻ መለካት በጣም የተለመደ ስሕተት ነው፤ ስሌቱን ሁሉ ያበላሻል። የታጨደው ውኃው እስኪወጣና ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ደርቆ ይመዘናል፤ ማድረቂያ ከሌለ ለለጋ ሣር ከእርጥብ ክብደቱ 20 በመቶው ደረቅ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። ከአንዱ አራት ማዕዘን የተገኘው ደረቅ ክብደት በግራም በ40 ሲባዛ በሄክታር ስንት ኪሎግራም እንዳለ ይሰጣል። እርጥቡ በአማካይ 125 ግራም ቢመዝን ደረቁ 25 ግራም ነው፤ በሄክታር 1,000 ኪሎግራም ማለት ነው።

አንድ ከብት በቀን የሚበላው ደረቅ መኖ ከክብደቱ ከ2.5 እስከ 3 በመቶ ይሆናል። እያንዳንዳቸው 400 ኪሎግራም የሚመዝኑ 20 ላሞች በ3 በመቶ ሲሰላ በቀን 240፣ በሦስት ቀን 720 ኪሎግራም ይፈልጋሉ። ከ1,000ው ኪሎግራም አንድ አምስተኛው በመረገጥና በእበት ይባክናል ብንል በሄክታር የሚበላው 800 ነው። 720 ለ800 ሲካፈል 0.9፤ አንዱ ክፍል 0.9 ሄክታር፣ አሥራ አንዱ በድምሩ 10 ሄክታር ገደማ ይሆናል። ለመንጋው ከዚህ ያነሰ መሬት ያለው ሰው ተጨማሪ መኖ ከየት እንደሚያመጣ ከወዲሁ ማወቅ አለበት።

አሁን ፈረቃ ብዙ ጊዜ የሚፈርስበት ቦታ ላይ ደርሰናል፤ ቀስ ተብሎ ሊነበብ ይገባዋል። የሣር ዕድገት ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። ሙቀቱና እርጥበቱ ሲስማሙት በ20 ቀን የሚያገግመው ሣር ብርድ ወይም የውኃ እጥረት ሲመጣ 45 ቀን፣ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ዕድገቱ ሲቀዘቅዝ መንጋው ወደ ክፍሉ ሲገባ የተለመደውን ያህል ሣር አያገኝም፤ በሦስት ቀን የሚያልቀው በሁለት ቀን ያልቃል። አርቢውም ወደሚቀጥለው ያሻግራል። በዚህ አካሄድ አሥራ አንዱ ክፍል ሲዞር የእያንዳንዱ ዕረፍት ከ30 ቀን ወደ 20 ወረደ ማለት ነው፤ ያውም ሣሩ 45 ቀን በሚፈልግበት ጊዜ። በሚቀጥለው ዙር ያለው ሣር ይበልጥ ያነሰ ነው፣ ዙሩም ይበልጥ ይፈጥናል፤ በሁለት ዙር ውስጥ ማሳው ሁሉ ተላጭቶ ይገኛል። ከብት ሲራብ እያዩ ዙሩን ማዘግየት ከባድ ነው፤ ግን ዕድገት ሲቀንስ መዘግየት፣ ዕድገት ሲፈጥን መፍጠን ነው ሕጉ።

በቁጥር እንየው። በ11 ክፍል 45 ቀን ዕረፍት ለማግኘት በእያንዳንዱ አራት ቀን ተኩል መቆየት ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ ውስጥ ላሞቹ 1,080 ኪሎግራም ይፈልጋሉ፤ ክፍሉ ያለው 720 ነው። የጎደለው በቀን 80 ኪሎግራም፣ ማለትም ከመኖው አንድ ሦስተኛው፣ በድርቆሽ መሟላት አለበት፤ አለዚያ ከመንጋው አንድ ሦስተኛው ቀደም ብሎ መሸጥ ወይም ሌላ ቦታ መሄድ አለበት። አራት ቀን ተኩል ደግሞ ለጋው ዳግም የሚበላበት ጊዜ ስለሆነ ክፍሉን በጊዜያዊ ሽቦ ለሁለት ከፍሎ፣ የተጋጠው ግማሽ ላይ መንጋው እንዳይመለስ ከኋላው መዝጋት ይሻላል።

ዕድገቱ ሲፈጥን የሚደረገው ተቃራኒው ነው። 20 ቀን በሚበቃበት ወቅት አሥራ አንዱንም ክፍል በየሦስት ቀኑ ማዳረስ ሣሩን ያስረጃል። ሦስቱን ክፍሎች ከዙሩ አውጥቶ ስምንቱን ብቻ ማዞር 21 ቀን ዕረፍት ይሰጣል፤ የወጡት ሦስቱ ከማበባቸው በፊት ታጭደው ድርቆሽ ይሆናሉ። በክፉው ወቅት የሚጎድለው 80 ኪሎግራም የሚመጣው ከዚህ ነው። ሣሩ ጨርሶ ዕድገት ባቆመበት ደረቅ ወቅት ግን የዕረፍት ቀን መቁጠር ትርጉም የለውም። ያኔ መንጋውን በሁሉም ክፍል ላይ ከመበተን አንዱን፣ ብዙውን ጊዜ ደካማውንና በቀጣዩ ዓመት ዘር ሊዘራበት የታሰበውን፣ መሥዋዕት አድርጎ እዚያ ድርቆሽ ማብላት ሌሎቹን ያድናል። መሬቱ በረግረግ ውኃ ጠግቦ ኮቴ በሚሰምጥበት ጊዜም እንዲሁ።

ከአጥር በፊት ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ውኃ ነው። ገንዳው ከ200 እስከ 250 ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ ሲሆን ከብቱ ማሳውን ተመጣጥኖ ይግጣል። ከዚያ ሲርቅ ገንዳው አጠገብ ያለው ይላጫል፣ ጥጉ ይተርፋል፤ መንጋውም ሁሉም በአንድነት ወደ ውኃ ስለሚሄድ እበቱና ሽንቱ በመንገዱና በገንዳው ዙሪያ ይከማቻል። ከብት ከበላው ናይትሮጅንና ማዕድን አብዛኛውን መልሶ በእበትና በሽንት ስለሚያወጣው ይህ ማዳበሪያን ከማሳው እየዛቁ መንገድ ላይ እንደ መጣል ነው። የጨው ድንጋይ ከገንዳው ራቅ ብሎ፣ ከብቱ መሄድ በማይወድበት ጥግ ይቀመጣል።

ለክፍሎቹ አንድ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከ75 እስከ 80 ሳ.ሜ. ከፍታ ለትላልቅ ከብቶች ይበቃል፤ ጥጆች ካሉ ዝቅ ያለ ሁለተኛ ሽቦ ይጨመራል። በሽቦው ጫፍ ላይ ሲለካ ከ3,000 ቮልት በታች መውረድ የለበትም። ከብቱ አጥሩን መናቅ ሲጀምር ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በኧርዙ፣ ማለትም አጥሩን ከመሬት ጋር በሚያገናኙት ዘንጎች ነው። ቢያንስ ሦስት ባለ 2 ሜትር የብረት ዘንጎች በ3 ሜትር ርቀት እርጥበት ባለው መሬት መቀበር አለባቸው። ሽቦውን የነካ ረጅም ሣርም ኃይሉን ይሰርቃል።

የጥራጥሬ ዘር የሆኑ መኖዎች፣ ማገጥና አልፋልፋን የመሳሰሉት፣ ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚያስገቡ ማሳውን ያበለጽጋሉ፤ ከመኖው 30 በመቶ ያህሉ እነሱ ቢሆኑ መልካም ነው። ከዚያ ሲበዙ ግን የሆድ መነፋት ያመጣሉ፣ መነፋቱም በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። የተራበ መንጋ ጤዛ ያልደረቀበት አልፋልፋ ውስጥ አይገባም፤ አስቀድሞ ድርቆሽ በልቶ፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ ይግባ። ማሽላና ሱዳን ሣር የተዘራበት ክፍልም ጥንቃቄ ይሻል፤ ቁመቱ 60 ሳ.ሜ. ሳይደርስ፣ ወይም በድርቅ ጠውልጎ እንደገና ሲያቆጠቁጥ ሳያናይድ የተባለ መርዝ ይይዛል።

የሆድ ትላትልን በተመለከተ ፈረቃ ይረዳል እንጂ መድኃኒትን አይተካም። አብዛኛው እጭ የሚገኘው ከመሬት በላይ ባሉት የመጀመሪያ 5 ሳ.ሜ. ስለሆነ ሣሩን አለመላጨት የሚዋጠውን እጭ ይቀንሳል። እጮቹ ከእበት ወጥተው ለመዋጥ የሚደርሱት በሞቃትና እርጥብ ወቅት በሳምንት አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ከአምስት ቀን በፊት መውጣት ጠቃሚ ነው። ቀዝቃዛ አየር ባለበት ግን እጭ ለወራት ስለሚቆይ የ30 ቀን ዕረፍት ብቻውን ማሳውን አያጸዳውም።

ለሚጀምር ሰው አሥራ አንድ ክፍል በአንድ ጊዜ ማጠር አያስፈልገውም። መንጋውን ሁሉ አንድ ላይ አድርጎ መሬቱን በአራት መክፈል ይቻላል፤ አሥር ቀን ቆይቶ ሠላሳ ቀን ማሳረፍ። አሥር ቀን ረጅም ስለሆነ ለጋው መበላቱ አይቀርም፤ ሠላሳው ቀን ግን ለውጥ ማሳየት ይጀምራል። ከዚያ እያንዳንዱን ለሁለት፣ ከተቻለም ለሦስት መክፈል ይቀጥላል። በየክፍሉ የገቡበትን ቀን፣ የወጡበትን ቀን፣ ሲገቡና ሲወጡ የነበረውን ቁመት በደብተር መመዝገብ ከመጀመሪያው ዙር ይጀመር፤ የሚቀጥለው ዓመት የዕረፍት ቀኖች የሚወሰኑት ከዚያ ደብተር ነው። የተራቆተ ቦታ ላይ አዲስ ዘር ለመዝራት ደግሞ አንድ ሙሉ የዕድገት ወቅት መታገሥ ይመከራል፤ ዕረፍት ያገኘ ማሳ ላይ ሞቷል የተባለ ሣር ብዙ ጊዜ ከሥሩ ያቆጠቁጣል፣ ዘር የሚያስፈልገውም የትኛው ቦታ እንደሆነ ያኔ ይለያል።