«ቢሆን ኖሮ» ምንድን ነው? የዘንዶዎቹ ጦርነት ሰፌድ ላይ

ደብረ ማርቆስ፣ ሐምሌ፣ ከሰዓት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ መብራት ሄዷል፣ ስልኮቻችን ባትሪ ጨርሰዋል። ቡናው እስኪፈላ ከአክስቴ ልጅ ጋር ስለ አንድ ተከታታይ ፊልም እንነታረካለን። እሱ «ራይኒራ መጀመሪያ ላይ ባታመነታ ኖሮ ዙፋኑ የእሷ ነበር» ይላል፤ እኔ አይዋጥልኝም። አጎታችን ጋቢያቸውን ተከናንበው ጥግ ላይ ሲያዳምጡን ቆዩና «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ። «ያለቀ ነገር ነው አይደል? እሱም ደግሞ ያልነበረ። ምን ያጨቃጭቃችኋል?»

መልስ አጣሁ። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ ሲመላለስብኝ አደረ፤ ይህ ጽሑፍ የዚያ ውጤት ነው።

አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ክርክር የራሱ ሰዋስው አለው። «ዝናቡ ካባራ እንሄዳለን» ስንል በሩ ገና ክፍት ነው። «ዝናቡ ቢያባራ ኖሮ እንሄድ ነበር» ስንል ግን ተዘግቷል፤ ዝናቡ አላባራም፣ እኛም አልሄድንም፣ ተናጋሪውም ሰሚውም ይህን ያውቃሉ። አውቀው ነው የሚያወሩት። «ኖሮ» እና «ነበር» አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ሲገናኙ ያልሆነውን ነገር እንደ ሆነ አድርገን ለአፍታ እናቆመዋለን፤ ልናምነው ሳይሆን ልንመዝነው። የታሪክ ሰዎች «አማራጭ ታሪክ» ሲሉት ይሰማል። እኔ «ቢሆን ኖሮ» ይሻለኛል፤ ቡና ላይም ይነገራላ።

ሥራው እንዲህ ነው። ከሆነው ነገር ውስጥ አንድ ቦታ ትመርጣለህ፣ እዚያች ላይ አንዲት ነገር ትለውጣለህ፣ ከዚያ እጅህን ትሰበስባለህ። ቀሪው በራሱ ጠባይ ይሄዳል፤ ፈሪው ፈሪ እንደሆነ፣ ስግብግቡም ስግብግብ እንደሆነ ይቀጥላል፣ ወንዙም ክረምት ላይ ይሞላል። እጅህን ካልሰበሰብክ፣ የምትወደው ሰው እንዲያሸንፍ በየመንገዱ የምትረዳው ከሆነ፣ እሱ ምኞት ነው። ምኞት ነውር የለበትም፤ ስሙ ግን ሌላ ነው።

ጦርነቱን ላልተመለከታችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ታሪኩ የጆርጅ አር. አር. ማርቲን ፈጠራ ነው፤ «ሃውስ ኦፍ ዘ ድራገን» በሚል ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቴሌቪዥን ይታያል። ንጉሥ ቪሰሪስ ወንድ ልጅ አልነበረውምና ሴት ልጁን ራይኒራን አልጋ ወራሽ አድርጎ መኳንንቱን አስማለ። ኋላ ከሁለተኛ ሚስቱ ከአሊሰንት ወንዶች ልጆች ቢወልድም ቃሉን አልለወጠም። በእነርሱ አቆጣጠር በ129 ሲሞት ግን የአሊሰንት ወገን ሞቱን ደብቆ ቆየና የበኩር ልጇን ኤጎንን አነገሠ። የኤጎን ወገን አረንጓዴዎች፣ የራይኒራ ወገን ጥቁሮች ይባላሉ። ሁለቱም ዘንዶ ይጋልባሉ።

«ዘንዶ? ጊዮርጊስ የወጋው?» አሉ አጎቴ።

«እሱን መሰል። ክንፍ አለው፣ እሳት ይተፋል፣ ሰው ይቀመጥበታል።»

ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ጊዮርጊስ የት ሄዶ ነው?» አሉ። እንዳሉት የሚወጋ አልተገኘም፤ ዘንዶዎቹ እርስ በርሳቸው ተበላሉ። ራይኒራ በወንድሟ ዘንዶ ተበላች። ወንድሟ ኤጎንም በ131 በራሱ ሰዎች ተመረዘ። ዙፋኑ ለራይኒራ ልጅ፣ ለሌላ ኤጎን፣ ተረፈ። የመጨረሻዋ ዘንዶም በዚሁ ልጅ ዘመን፣ በ153 ሞተች። ሁለቱም ተፎካካሪዎች ያለቁበት፣ የሚዋጉበትም መሣሪያ የጠፋበት ጦርነት ነው።

ክርክር የሚወለደው እዚህ ነው፤ ግን የትኛው ቦታ ላይ ቢነካ ነው ነገሩ የሚለወጠው?

ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው የአባይን በረሃ ወጥቶ ደጀን ሲደርስ ሁለት መንገድ ያገኛል። አንዱ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላ አድርጎ ይሄዳል። ሌላው በቢቸናና በሞጣ ይሄዳል። የሚያየው አገር፣ የሚበላበት ቤት፣ የሚያመው ወገብ ይለያያል፤ ማታ የሚያድረው ግን በሁለቱም ባሕር ዳር ነው። በታሪክም እንዲህ ያለ መገንጠያ ብዙ አለ። ሰው የሚያልቅበት፣ እንባ የሚፈስበት፣ ቢቀየርም መድረሻው የማይቀየር። የ«ቢሆን ኖሮ» ዋናው ጥበብ ወደዚያው ከተማ የሚመልሰውን መገንጠያ ወደ ሌላ አገር ከሚወስደው መለየት ነው።

የራይኒራን ልጅ የሉሰሪስን ሞት ተመልከቱ። ለእናቱ መልእክተኛ ሆኖ ሄዶ፣ ሲመለስ አጎቱ ኤመንድ ቬጋር በምትባለው ግዙፍ ዘንዶ ተከትሎ በማዕበል ውስጥ ገደለው። ደጋፊው ሁሉ «ታላቅ ወንድሙ በእሱ ፈንታ ቢሄድ ኖሮ!» ይላል። ያሳዝናል፤ እኔም አልቅሻለሁ። ነገር ግን በዚያ ቀን ሁለት ዘውድ በሁለት ራስ ላይ ተጭኗል፣ መልእክተኛ በየግዛቱ ጦር እየለመነ ነው። ሉሰሪስ በሰላም ቢመለስ ጦርነቱ ሌላ ቀን፣ በሌላ ሰው ደም ይጀመር ነበር። የሞጣ መንገድ ነው።

ቬጋር ግን ሌላ ናት። ይህን ለአጎቴ በቃል ማስረዳት ሲያቅተኝ ሰፌዱን ሳብኩት። አክስቴ የቆላችው ገብስና ሽምብራ ነበር፣ ጥቂት ባቄላ ጣል ጣል ያለበት። ወደ ግራ የአረንጓዴዎቹን ዘንዶዎች በሽምብራ ደረደርኩ፤ ቬጋርን ትልቁን ባቄላ አደረግሁ። ወደ ቀኝ የጥቁሮቹን። የጥቁሮቹ ሽምብራ በቁጥር ይበልጣል፤ ባቄላው ግን አንድ ነው፣ ግራ ነው ያለው። ገብሶቹ ሰዎቹ ናቸው። «ይቺ ባቄላ» አልኩ፣ «ባለቤቷ ሞታ ጌታ አጥታ በነበረች ጊዜ፣ ኤመንድ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኖ ማንም ሳያየው ሄዶ ወጣባት። ያን ሌሊት ቢተኛ ኖሮስ?»

አጎቴ ባቄላውን በሁለት ጣታቸው አንስተው ሰፌዱን አዩ። ግራው ባዶ ሆነ ማለት ይቻላል። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «አሁንማ ሽማግሌ ይላካል» አሉ በመጨረሻ። «በዚህ እጅ ተይዞ ማን ይፎክራል?»

ትክክል ናቸው። የእርቅ ቃል የያዘ መልእክት እንደውም ለራይኒራ ተልኮ ነበር፤ ላኪዎቹ ግን ልባቸው ባቄላው ላይ ስለነበር እርቁ የማስመሰል ሆኖ ቀረ። ባቄላው ሲነሳ የሚለወጠው የአንድ ውጊያ ውጤት አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰው ጠዋት ተነስቶ የሚያስበው ነገር ነው የሚለወጠው። ወደ ሌላ አገር የሚወስድ መገንጠያ እንዲህ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ የለወጥነው የአንድ ልጅ እንቅልፍ ብቻ ነው።

የአክስቴ ልጅ በዚህ መሀል ገባ። በፊልሙ ውስጥ ራይኒራ ልጇን ለአሊሰንት ሴት ልጅ ልትድር ጠይቃ ነበር፤ አሊሰንት እምቢ አለች። «ያ ጋብቻ ቢፈጸም ኖሮ ይታረቁ ነበር» አለ። መስማት ደስ ይላል። ሆኖም ጎጃም ተቀምጦ ይህን ማመን ይከብዳል። ራስ አሊ ቋረኛውን ካሣን በጋብቻ ለማሰር ልጃቸውን ተዋበችን ሰጥተውት ነበር። ካሣ ሚስቱን ወደዳት፤ ከአማቱ ጋር ግን አልቀረም። ኅዳር 19 ቀን 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን ገደለ፤ ሰኔ 23 ቀን 1845 ዓ.ም. ደግሞ እዚሁ ጎጃም፣ አይሻል ላይ፣ የሚስቱን አባት ጦር በተነ። የዘመነ መሳፍንት ሰው ሁሉ የተዋለደ ነበር፣ ሲዋጋም የኖረ ነው። ጋብቻ ጦርነትን ያዘገያል፤ ዙፋኑ አንድ፣ ፈላጊው ሁለት ከሆነ ግን ሙሽሮቹ መሀል ይቀራሉ።

መሐላውም ያው ነው። ሰዎች «ቪሰሪስ ሲሞት ቃሉን ጠንከር አድርጎ ቢደግመው ኖሮ» ይላሉ። አፄ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው ሲያሳውቁ በግዝት ነበር፤ ቃላቸውን ያፈረሰ ጥቁር ውሻ ይውለድ የተባለው ይታወሳል። ከዚያ በላይ ምን ማጠንከር አለ? መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ኢያሱ ተሽረው አክስታቸው ዘውዲቱ ነገሡ። የሞተ ሰው ቃል የሚጠነክረው በሕይወት ያሉት በፈለጉት ልክ ነው።

ያንኑ ዓመት ካነሳሁ አይቀር፣ ከእኛ ታሪክ ጥሩ መገንጠያ አምጣ ብትሉኝ የምጠቁመው ቶራ መስክ ነው። የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ጦራቸውን ይዘው ተነሱ፤ ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ደመሰሱ። የአዲስ አበባው መንገድ ሳስቶ ነበር። እሳቸው ግን ዘገዩ፤ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በማታለያ ደብዳቤ አዘገዩአቸው ይባላል። በዘገዩበት ቀን የሸዋ ጦር ተሰበሰበ፣ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸነፉ፣ ተማረኩ። «ሳይዘገዩ ቢገሰግሱ ኖሮ» የሚለው ጥያቄ የሚያምረኝ ንጉሡ መገስገስ ይችሉ ስለነበር ነው። መትረየስ ከሰማይ አላወረድንላቸውም፣ ጠባያቸውንም አልቀየርንም፤ አንድ ደብዳቤ ብቻ አላመኑም አልን።

ታዲያ ለምን በገዛ ታሪካችን አንለማመደውም፣ ዘንዶ ምን ያደርግልናል? እምባቦን ሞክሩና ታያላችሁ። ግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ለደቡብ ምዕራቡ አገር ከምኒልክ ጋር ተዋግተው ቆስለው ተማረኩ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጠጅ ቤት ገብታችሁ «ተክለ ሃይማኖት ቢያሸንፉ ኖሮ» በሉ። ወዲያው አንዱ ቅድመ አያቱ የሞቱበትን ቦታ ይጠራል፣ ሌላው የጎበናን ፈረሰኛ ይረግማል፣ አንዱ ይነሳል፣ አንዱ ያስቀምጠዋል። በላያቸው አፄ ዮሐንስ እንደነበሩ፣ ከውጊያውም በኋላ ሁለቱንም ንጉሦች እንደቀጡ፣ ከአንዱ ወሎን ከሌላው አገው ምድርን እንደወሰዱ የሚያነሳ አይኖርም። እሱ ግን ዋናው ነው፤ አሸናፊው ቢለወጥም ከላይ ያለው ዳኛ አይለወጥምና፣ ምናልባት ያኛውም የሞጣ መንገድ ሊሆን ይችላል። ይህን በጠጅ ቤት አልተናገርኩም። ጥርሴን እወደዋለሁ።

በዘንዶዎቹ ጦርነት የማንም ቅድመ አያት አልሞተም። ስለዚህ ሰው ሰፌዱን ያያል።

አንድ ችግር ብቻ አለ፤ «የሆነው» ራሱ የቱ ነው? በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው መጽሐፍ ጦርነቱን የሚተርከው እርስ በርስ በሚቃረኑ ምስክሮች ነው፤ አንዱ የቤተ መንግሥት ቀልደኛ ነው፣ ሌላው ካህን። ፊልሙ ደግሞ መርጦና ጨምሮ ይሄዳል፤ በፊልሙ ኤመንድ የሉሰሪስን መሞት ያሰበው አይመስልም፣ ዘንዶዋ ናት ከእጁ ያመለጠችው። «ኤመንድ ልጓሙን ቢይዝ ኖሮ» የሚለው ጥያቄ እንግዲህ ለፊልሙ ብቻ ይሠራል። ተከራካሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጣሉት አንዱ ከመጽሐፉ፣ ሌላው ከፊልሙ ተነስቶ ነው፤ አንዱ ከደጀን አንዱ ከጎንደር ተነስተው ስለ አንድ መገንጠያ እንደሚከራከሩ።

ሦስተኛው ቡና ሲቀዳ መብራት አልመጣም ነበር። አጎቴ ባቄላውን አሁንም በጣታቸው መሀል ያሽከረክራሉ።

«ቅድም ባለቤቷ ሞታ ነበር አልክ። ማን ነበረች?»

«ሌና ትባላለች። በወሊድ ምክንያት ነው የሞተችው።»

«የማን ሚስት?»

«የዴመን። የንጉሡ ወንድም።»

«እሷ ባትሞት ኖሮስ?»

ባቄላውን ወስደው በቀኝ በኩል፣ ከጥቁሮቹ ጋር አስቀመጡት። ጨርሰዋል፤ አሸንፈዋል። ፊታቸው በራ። እኔ ግን ሰፌዱን ሳይ አንድ ነገር ከነከነኝ። ዴመን ራይኒራን ያገባው ሌና ከሞተች በኋላ ነው። ሌና ከኖረች ያ ጋብቻ የለም፤ ያ ጋብቻ ከሌለ ደግሞ ሁሉም ካለቁ በኋላ ዙፋኑን የወረሰው ልጅ አይወለድም፣ ታናሽ ወንድሙም፣ ከታናሽየውም የወረዱት ነገሥታት ሁሉ። ከጥቁሮቹ መሀል ሁለት የገብስ ቅንጣት አነሳሁ።

አጎቴ ባቄላውን አዩ፣ በመዳፌ ያሉትን ገብሶች አዩ።

«ቆይ» አሉና ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጣሉት፤ «እንደገና ደርድረው።»