ቦንድ የገዛሁት መብራት እንዲጠፋብኝ ነው?

ሰፈራችን መብራት በጠፋ ቁጥር አንድ ጎረቤቴ በረንዳ ላይ ወጥቶ «ቦንድ የገዛሁት ለዚህ ነው?» ይላል። ንዴቱ ይገባኛል። የሚወቅሰው ግን ሕዳሴ ግድብን ነው። ስለ ግድቡ ሰው የሚላቸውን አምስት ነገሮች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ግድቡ ካለቀ መብራት መጥፋት የለበትም»

ሕዳሴ ያለው ጉባ፣ ሱዳን ድንበር አጠገብ ነው። ኃይሉ በ500 ኪሎ ቮልት መስመር በዴዴሳ በኩል ሆለታ ይደርሳል። ከዚያ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ከዚያ የሰፈር ትራንስፎርመር፣ ከዚያ ምሰሶ፣ ከዚያ ቆጣሪ አለ። መሃል ላይ አንዱ ከተቃጠለ፣ ጉባ ላይ ተርባይኑ ሁሉ ቢዞርም እኛ ሻማ ፍለጋ ነን።

«5,150 ሜጋ ዋት ሌት ተቀን ያመነጫል»

ይሄ 13ቱም ተርባይኖች በሙሉ ጉልበታቸው ሲሠሩ ያለው አቅም ነው። ዓባይ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ያን ሁሉ የሚያዞር ውሃ የለውም። በዓመት ያመነጫል የሚባለው 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ለ8,760 ሰዓት አካፍሉት። አማካዩ 1,800 ሜጋ ዋት አካባቢ ይመጣል፤ ከአቅሙ ከሲሶ ትንሽ ከፍ ይላል።

ተሸወድን እንዳትሉ። ሰው ኤሌክትሪክ የሚጠቀመው እኩል አይደለም። ማታ 1 ሰዓት ሁሉም ምድጃ ይለኩሳል፤ ሌሊት 9 ሰዓት አገር ተኝቷል። ተርባይን የበዛው ለዚያ የማታ ጫና ነው። (6,000 ወይም 6,450 የሚል ጽሑፍ ካጋጠማችሁ የድሮው ዕቅድ ነው።)

«ውሃውን ዘግተን አስቀረነው»

ውሃ ካልወጣ ተርባይን አይዞርም። ከግድቡ ኋላ ያለው ንጋት ሐይቅ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ይይዛል፤ ከ2012 ክረምት ጀምሮ በየዓመቱ ሲጠራቀም ቆየ። ከሞላ በኋላ ግን ከሚተነው በቀር በአማካይ የገባው ያህል ይወጣል። የሚለወጠው ጊዜው ነው፦ የክረምቱ ጎርፍ ለበጋ ይተርፋል።

«ውሃው ሁሉ ከጣና ነው»

ጣና ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ሌላው የበሽሎ፣ የጀማ፣ የጉደር፣ የዴዴሳ፣ የዳቡስና የሌሎች ገባሮች ነው።

«ግድቡ ያ ፎቶ ላይ ያለው ነው»

እሱ 1.8 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ዋናው ግድብ ነው። ጎኑ ላይ 5 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ የኮርቻ ግድብ አለ። እሱ ባይኖር ሐይቁ ገና ሳይሞላ በዝቅተኛው መሬት በኩል ሾልኮ በሄደ ነበር። ካሜራ የያዘ ሰው ግን ወደዚያ ዞር አይልም።