የውሃ ግፊት በሜትር ሲለካ፦ ከድሬዳዋ ሮቶ እስከ ሐረር አቀበት

ድሬዳዋ ውስጥ ሻወር ሲንጠባጠብ ብዙ ሰው የሚያስበው ትልቅ ሮቶ መግዛት ነው። ብሩ በከንቱ ይወጣል። ግፊቱን የሚወስነው የውሃው ብዛት ሳይሆን ከፍታው ነው፤ ባለ 500 ሊትሩም ባለ 10,000 ሊትሩም ውሃቸው እኩል ከፍታ ላይ ከቆመ ግፊታቸው አንድ ነው። መሐንዲሶች ፕሬዠር ሄድ፣ በአማርኛ የግፊት ከፍታ፣ የሚሉት ይሄንኑ ነው፤ አንድን ግፊት ለመፍጠር ፈሳሹ ስንት ሜትር ከፍ ብሎ መቆም እንዳለበት ይነግረናል።

ስሌቱ አያስቸግርም። የፈሳሹን እፍግታ በመሬት ስበት ታባዛለህ፣ ግፊቱን ለውጤቱ ታካፍላለህ። የውሃ እፍግታ በሜትር ኩብ 1,000 ኪሎ ግራም፣ ስበቱ 9.81 ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የውሃ ሜትር 9.81 ኪሎ ፓስካል ይሰጣል፣ 10 ሜትር ወደ 1 ባር ይጠጋል፤ ሁለቱም የግፊት መለኪያዎች ናቸው። ይቺን ከያዝክ ብዙ ታስኬድሃለች።

ሳቢያን ያለ አንድ ቤት እንውሰድ። የሮቶው ውሃ ከሻወሩ 3 ሜትር ከፍ ይላል እንበል። ግፊቱ 29.4 ኪሎ ፓስካል ነው፣ 0.3 ባር ገደማ። በጣም ትንሽ ነው! ያንኑ ሮቶ በብረት ማማ 2 ሜትር ከፍ ብታደርገው 49 ይደርሳል። ወደ ኋላም ይሰላል፦ ምድር ላይ ያለው መለኪያ 250 ኪሎ ፓስካል ካሳየ ለ9.81 ስታካፍለው 25.5 ሜትር ይመጣል፣ 12 ሜትር ላይ ላለ ፎቅ 13.5 ሜትር ይተርፈዋል ማለት ነው። ይሄ ግን ውሃው ቆሞ ሳለ ነው። ቧንቧ ሲከፈት ሰበቃ የራሱን ድርሻ ይበላል፤ ቧንቧው በቀጠነና በረዘመ ቁጥር ይብሳል፣ በዚያ ላይ የድሬ ውሃ ውስጡን በነጭ ቅርፊት እየሸፈነ ያጠበዋል። ከትልቅ ሮቶ ይልቅ ሰፋ ያለ ቧንቧ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ሐረር ላይ ነገሩ ይከብዳል። የሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ከተማዋ ውሃዋን ከድሬዳዋ በኩል እያስወጣች ትጠጣለች። ድሬ 1,200፣ ሐረር 1,885 ሜትር አካባቢ ናቸው። ልዩነቱ 700 ሜትር ያህል ነው፣ ይሄም ለቆመ ውሃ ብቻ ወደ 69 ባር ይጠይቃል። በመካከል ያለው የደንገጎ አቀበት ደግሞ ከሐረርም ይበልጣል። ይሄን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ልግፋ ቢባል ቧንቧው እጅግ ወፍራም መሆን አለበት፣ ስለዚህ እንዲህ ያለ መስመር በየደረጃው ፓምፕ እየተተከለለት ነው የሚሠራው።

ከፍታ በሌላ በኩልም ይመጣል። ከላይ ሆኖ የሚስብ ፓምፕ ውሃውን በራሱ ኃይል አይጎትትም፣ ከታች የሚገፋለት የአየር ግፊት ነው። ባሕር ጠለል ላይ ይሄ ግፊት 10.3 ሜትር ውሃ ያነሣል። ድሬዳዋ ላይ ወደ 9፣ ሐረር ላይ ወደ 8.2 ይወርዳል፣ በተግባር ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ጉድጓድህ ከዚያ ከጠለቀ የሚስብ ፓምፕ አትግዛ፤ ውሃው ውስጥ ገብቶ ከታች የሚገፋ ሰብመርሲብል ያስፈልግሃል።