«ጨካኝ፣ ዕብድ፣ ውብ ዓለም»፦ የጆኒ ክሌግና የሳቩካ አልበም

ይህ አልበም የደቡብ አፍሪካው ድምፃዊ ጆኒ ክሌግና ባንዱ ሳቩካ በ1989 ያወጡት ሦስተኛ ሥራ ነው (ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ክሌግ በ1953 እንግሊዝ ተወልዶ ጆሃንስበርግ ያደገ የአንትሮፖሎጂ መምህር ነበር። የዙሉን ጊታርና ጭፈራ የተማረው ግን ለሥራ ወደ ከተማ ከፈለሱ የዙሉ ሠራተኞች ነው። ከዙሉው ጊታሪስት ከሲፖ ምቹኑ ጋር ያቋቋመው ጁሉካ የተባለው ባንድ በ1985፣ ምቹኑ ወደ እርሻው ሲመለስ ተበተነ። በማግሥቱ ዓመት ሳቩካ ተመሠረተ።

በጁሉካ ዘመን ፊት የሚቀድመው ማስካንዲ የሚባለው የዙሉ የጊታር አጨዋወት ነበር። ሳቩካ ኪቦርዱንና ሳክስፎኑን ይበልጥ አጎላ፤ በዚህኛው አልበም ደግሞ ቅንብሩ ይበልጥ ተሞርዶ ወደ ፖፕና ሮክ አዘነበለ። ምቱ ቀጥ ያለ ነው፣ አዝማቾቹም አንዴ ሰምተው አብረው የሚሏቸው ዓይነት ናቸው። ዙሉኛው አልጠፋም፤ በአብዛኛው አዝማቹና የተቀባዮቹ ድምፅ ላይ ተሰብስቧል። ለውጡ የአሜሪካን ሬዲዮ ለማባበል የተደረገ ነው የሚሉ አሉ። ይሆናል፤ ግጥሞቹን ያዳመጠ ሰው ግን ባንዱ ለዝቧል ለማለት ይከብደዋል።

«አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ» የተሰኘው ዘፈን መታሰቢያነቱ ለዴቪድ ዌብስተር ነው። ዌብስተር በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ አንትሮፖሎጂ የሚያስተምር፣ አፓርታይድን በግልጽ የሚታገል፣ ለክሌግም ወዳጅ የነበረ ምሁር ነው። አልበሙ በወጣበት ዓመት ግንቦት 1 ቀን ጆሃንስበርግ በሚገኘው ቤቱ ደጃፍ በጥይት ተገደለ። ገዳዩ ፈርዲ ባርናርድ የአገዛዙ ስውር ቡድን አባል ሲሆን የተፈረደበት በ1998 ነው። ዘፈኑ የጠየቀው ድምፅ የመስጠት መብት ለጥቁሩ ሕዝብ የደረሰው በሚያዝያ 1994 ነበር። የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን በአንጻሩ አባት ለልጁ የዘፈነው ነው፤ ክሌግ ለልጁ ለጄሲ። «ዴላ» የተባለው የፍቅር ዘፈን በ1997 «ጆርጅ ኦፍ ዘ ጀንግል» በተባለው ፊልም ውስጥ ገብቶ አዲስ አድማጭ አገኘ።

ፈረንሳዮች ክሌግን «ነጩ ዙሉ» እያሉ አዳራሽ ሲሞሉለት፣ የብሪታንያ ሙዚቀኞች ማኅበር በአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ላይ የተጣለውን የባህል ማዕቀብ ጥሰህ በአገርህ ተጫውተሃል ብሎ ከአባልነት ሰርዞታል። ጥቁርና ነጭ በአንድ መድረክ የቆሙበትን ባንድ በዚህ መቅጣት፣ ለማዕቀቡ ያለው ክብር እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ፍትሐዊ ነበር ማለት አይቻልም።

በ1992 የባንዱ ከበሮ መቺና ጨፋሪ ዱዱ ዙሉ ተገደለ። ሳቩካ በ1993 አንድ አልበም ጨምሮ፣ በእሱም ለግራሚ ከታጨ በኋላ ተበተነ።