«እቀፏት፣ ትለምዳለች» እና ሌሎች ስለ ጥንቸል የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ጥንቸላችን ዳማ ቤታችን የመጣችው በካርቶን ነው። ካርቶኑ እንደተከፈተ ልጄ ብድግ አድርጋ አቀፈቻት። ዳማ በኋላ እግሯ ክንዷን ቧጨረችና ዘላ አልጋ ስር ገባች። ከዚያ ወዲህ እጅ ባየች ቁጥር መሸሽ ሆነ ሥራዋ። ምክር የሚሰጠን ሰው አልጠፋም፤ አብዛኛው ግን ነገሩን የሚያብስ ነበር።

«ደጋግማችሁ እቀፏት፣ ሳትወድ ትለምዳለች»

እኛም መጀመሪያ የሞከርነው ይህንኑ ነው። ችግሩ ጥንቸል ታዳኝ እንስሳ መሆኗ ነው። ዱር ላይ ከመሬት ብድግ የሚያደርጋት ሊበላት የመጣ ብቻ ነው። በግድ ባነሳናት ቁጥር የምትማረው እጃችን ከጭልፊት ጥፍር እንደማይለይ ነው። ጥግ አስይዞ ማሳደድማ ለደንባራ በቅሎ ቃጭል መጨመር ነው።

የሠራልን ተቃራኒው ነው፦ ምንም አለማድረግ። ጥንቸሎች ነቃ የሚሉት ማለዳና አመሻሽ ላይ ነው። ስለዚህ አመሻሽ ላይ ምንጣፉ ላይ ጋደም ብዬ ስልኬን እነካካለሁ፤ አጠገቤ አንድ ዘለላ የድንብላል ቅጠል አለ። በአራተኛው ቀን መጣች። የኋላ እግሮቿን ለሽሽት አመቻችታ፣ አንገቷን እንደ ላስቲክ ስባ ቅጠሉን ነጠቀችና ሮጠች። በሳምንቱ እዚያው ቆማ በላች። ቀጥሎ ካልሲዬን በአፍንጫዋ ነካ አደረገች።

ማሻሸት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ እጄን ደረቷ ጎን ለአንድ ሰከንድ አሳርፌ ቅጠል፤ ሌላ ቀን ሁለት እጅ አሳርፌ ቅጠል፤ በኋላም አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጌ ወዲያው መልሼ ቅጠል። ሰውነቷ ድርቅ ካለ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ሁለት ወር ገደማ ፈጀብን።

«መጀመሪያ እጅህን አፍንጫዋ ስር ዘርጋላት»

ይሄ የውሻ ደንብ ነው። የጥንቸል ዓይኖች ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ ዙሪያዋን ከሞላ ጎደል ታያለች፤ ልክ አፍንጫዋ ፊት ያለውን ግን አታይም። እዚያ ድንገት ብቅ ያለ እጅ ያስበረግጋታል። ከጎን በኩል ቀስ ብላችሁ ቅረቡና ግንባሯን፣ በዓይኖቿ መካከል አሻሹ። ሆዷንና እግሯን ለጊዜው ተዉት።

«ጥንቸል የምትያዘው በጆሮዋ ነው»

በፍጹም። ጆሮዋ በደም ሥር የተሞላ፣ በጣም የሚያማት ቦታ ነው። ማንሳት ካለባችሁ ተንበርከኩ። አንድ እጅ ከደረቷ ስር፣ ሌላው መቀመጫዋን ደግፎ፣ ከዚያ ከሰውነታችሁ ጋር ለጠፍ። አጥንቷ ቀላል ነው፤ ከክብደቷ 8 በመቶ ገደማ ብቻ። የኋላ እግሯ ጡንቻ ግን ኃይለኛ ነው። መቀመጫዋ ሳይደገፍ ተንጠልጥላ ከተራገጠች የገዛ ወገቧን ልትሰብር ትችላለች። ልጆች ቆመው ሳይሆን መሬት ተቀምጠው ይያዟት የምለውም ለዚህ ነው።

«በጀርባዋ ስታንጋልላት ትረጋጋለች»

ቪዲዮውን ሳታዩት አትቀሩም። ጥንቸሏ ጭን ላይ ተንጋላ፣ እግሮቿ ወደ ላይ፣ ፍዝዝ ብላ። «እንዴት ደስ ይላል!» ይላል ሰው። እኔም ብዬ ነበር። እውነታው ግን ያቺ ጥንቸል የሞተች እየመሰለች መሆኑ ነው። የተያዘ እንስሳ የመጨረሻ ዘዴ ነው፤ አዳኙ ላላ ካለ ለማምለጥ። ውስጧ ሲለካ የልብ ምቷም፣ የጭንቀት ሆርሞኗም ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው።

«ዝም ካለች ተመችቷታል»

ከላይ ካለው ጋር የሚሄድ ስህተት ነው። ጆሮዋን ጀርባዋ ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ መሬት ላይ ከተጣበቀች ፈርታለች። የተመቻት ጥንቸል በጎኗ ዘፍ ብላ ትተኛለች፤ ስትሻሽ ጥርሷን በስሱ ታፋጫለች። ጮክ ያለ የጥርስ ማፋጨት ግን የሕመም ምልክት ነው። ለምዳ የነበረች ጥንቸል ድንገት «አትንኩኝ» ካለችም አመል ነው ብላችሁ አትለፉት፤ የሆነ ቦታ እያመማት ይሆናል። ግማሽ ቀን ምንም ካልበላች «ነገ ይሻላታል» አይባልም፤ የዚያኑ ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ነው።

«መታቀፍ ካልወደደች አልወደደችንም»

ብዙ ጥንቸሎች፣ በደንብ የለመዱትም ጭምር፣ ዕድሜ ልካቸውን መታቀፍ አይወዱም። ዳማም እንደዚያው ናት። ጥፍሯ ሲቆረጥ ትታገሠኛለች፣ በቃ። ሐኪም ጋ የምንሄድበት ሳጥን ውስጥ ድርቆሽ ስለማይጠፋ ራሷ ትገባለች፤ ማንሳት ቀረ።

ልጄ አሁን የቤት ሥራዋን የምትሠራው ምንጣፉ ላይ ነው። ዳማ ትመጣና አገጯን ደብተሩ ላይ ታሻሻለች። ጥንቸል «ይሄ የኔ ነው» የምትለው እንደዚያ ነው። ከዚያ ጥጉን ትበላዋለች። መምህሯ እስካሁን ሁለት ጊዜ ጠይቃናለች።